የሃይሉክሴ ታይሚንግ ቺንጋ ሙሉ ሴት (የዕቃ ስብስብ)፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተር ባለው ቶዮታ ሃይሉክሴ ላይ ታይሚንግ ቺንጋውን (የሞተሩ ክፍሎች ሰዓታቸውን ጠብቀው እንዲዞሩ የሚያደርገውን ጥርሳም የጎማ ቀበቶ) ከነሙሉ ሴቱ ካስቀየርኩ ወራት አልፈዋል። በአንድ ካርቶን የመጣው ሴት ቺንጋውን፣ የመወጠሪያውንና ቺንጋውን የሚመራውን ኩሽኔታ፣ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ጥርሳም ፑሌጃ እንዲሁም ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክሉትን ሲሎች የያዘ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ያስቀየመኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በመዳፍ ውስጥ የሚያዘው የመወጠሪያው ኩሽኔታ ነው።

ችግሩ የጀመረው በክረምት ጠዋት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከፊት ለፊቱ እንደ ፌንጣ ያለ ቀጭን ጩኸት ይወጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጠፋል። በመጀመሪያ የተጠረጠሩት የዲናሞው እና ሌሎቹ የውጪ ቺንጋዎች ነበሩ፤ መካኒኩ እነርሱን አውልቆ ሞተሩን ለአፍታ ሲያስነሳው ግን ጩኸቱ እንዳለ ስለነበር፣ ጥፋቱ ከታይሚንግ ሽፋኑ ውስጥ እንደሆነ ታወቀ። ሽፋኑን ለመክፈት የክራንክሻፍቱ ትልቁ ፑሌጃ መውለቅ ስላለበት፣ ለአንድ ኩሽኔታ ሲባል የሙሉ ሥራውን የእጅ ዋጋ እንደገና ከፈልኩ። ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ኩሽኔታው ወጥቶ እጄ ሲገባ በጣቴ ገፋ አድርጌ አዞርኩት። ምንም ሳይዘው ለረጅም ጊዜ ተሽከረከረ። ሳያውቅ ያየው ሰው «እንዴት ይለሰልሳል!» ሊል ይችላል፤ ይሁንና ግሪሱ ያልደረቀበት ኩሽኔታ እጅን ጥቂት ይዞ ቶሎ ይቆማል እንጂ እንዲያ አይፈነጭም። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ሳዞረው ደረቅ ኳሶች ሲንኳኩ ይሰማ ነበር፤ ግሪሱም ከውስጥ ወጥቶ በጠርዙ ዙሪያ እንደ ቡናማ ቀለበት ደርቋል።

ሻጩ ዘንድ ይዤው ስሄድ የተሰጠኝ መልስ «ጋሼ፣ ቺንጋው ተበጠሰ እንዴ? ካልተበጠሰማ ዋስትናውን ምን አመጣው?» የሚል ነበር። ለእርሱ ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስ። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ካምሻፍቱንም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞር ሲሆን፣ ውጥረቱን ጠብቆ የሚያቆየው ይኸው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ከነከሰ (መዞር ካቆመ) ቺንጋው ይላጣል፣ ወይም ጥርስ ይዘላል። የዚህ የናፍጣ ሞተር ጭመቃ ከ20 ለ1 በላይ በመሆኑ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቫልቮላዎቹ ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው የተዛባ ቫልቮላ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መከፈቱ አይቀርም። ይህ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ያውም ጭነት ይዞ፣ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለነጋዴ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቺንጋው እስኪበጠስ የሚጠበቅበት ዋስትና ለማን እንደተጻፈ አላውቅም።

በሌላ በኩል ጥርሳሙን ፑሌጃ ማስቀየሬን ማንም ቢነቅፈኝ እከራከርለታለሁ። ያኔ በየሱቁ «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል? ቺንጋውን ብቻ ለውጥ» ያላለኝ አልነበረም። አሮጌው ፑሌጃ ወልቆ ከአዲሱ አጠገብ ሲቀመጥ ግን የጥርሶቹ ትከሻ በአንድ ወገን ተበልቶ ስለት ወጥቶት፣ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዝ ነበር። የፒስታ መንገድ አቧራ በተሰነጠቀ ሽፋን ገብቶ ከቺንጋው ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ብረትም ይፈጫል፤ በዚያ ስለት ላይ አዲስ ቺንጋ መጫን ማለት ጎማውን ማሳረድ ነው። አሁን ሽፋኑ ሲከፈት ቺንጋውን ገልብጬ አየሁት፦ የጥርሶቹ ሥር አልተሰነጠቀም፣ ጠርዙ አልተተለተለም፣ ሲሎቹም ዘይት አልተፉበትም። እዚህ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

በዳሽቦርዱ ላይ ስለሚበራው የታይሚንግ ቺንጋ መብራትም የሚጠይቁኝ አሉ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲበራ የተሠራ ነው፣ ነገር ግን ቺንጋውን አያይም፣ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቺንጋው ሳይነካም በቀላሉ ማጥፋት ይቻላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መብራቱ ጠፍቶ ስላየው ብቻ ልቡን ባይጥልበት ይሻለዋል።

አሁን በሞተሩ ላይ ያሉት ሁለቱም ኩሽኔታዎች፣ ያልጮኸውም ጭምር፣ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራን ዞሬ ለብቻቸው የገዛኋቸውና የጃፓኑ ኮዮ ስም የተቀረጸባቸው ናቸው። መካኒኩ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ፣ ምልክቶቹ መግጠማቸውን አይቶ የመወጠሪያውን ቡሎን ካጠበቀ ወዲህ ጩኸት የሚባል ነገር የለም። ለሚቀጥለውም ቅያሪ ቺንጋውንና ፑሌጃውን ከመጀመሪያው ሴት ዓይነት ልገዛ እችላለሁ፤ ሻጩ «ሴት አይፈታም» ካለ ግን ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ትቼለት እወጣለሁ።