ከኤልቪኤን ወደ አርኤን፦ የትኛው መንገድ ያዋጣችኋል?

ዳላስ አጠገብ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም ስድስት ዓመት ኤልቪኤን፣ ከአርኤን በታች ያለ ላይሰንስ ያለው ነርስ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ገና ሳይነጋ የመድኃኒት ጋሪዬን እየገፋሁ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ኪኒኑን ከካርዱ ጀርባ በአውራ ጣቴ ገፍቼ ትንሿ ኩባያ ውስጥ እጥላለሁ። ታማሚው ፊቱ ሲለወጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው መጀመሪያ የማውቀው እኔ ነኝ። ሙሉውን ምርመራ የምታደርገውና የእንክብካቤ ዕቅዱን የምታወጣው ግን አርኤኗ፣ የተመዘገበችው ነርስ፣ ነበረች። ይህ ነገር ይከነክነኝ ነበር።

ዛሬ እኔም አርኤን ነኝ። በየጊዜው አንድ ሰው ይደውልልኛል፤ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይይዘኛል። "አንቺ በየት ገባሽ? የቱ ይሻላል?" ይለኛል። እጁ ላይ የሁለት ትምህርት ቤት ወረቀት አለ። የሚያወዳድረው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ወር ይፈጃል፣ ስንት ያስከፍላል።

እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ላይሰንሱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ስቴት ብትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል? ክሬዲቱንስ ነገ ቢኤስኤን፣ የአራት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ፣ ልማር ስትሉ ዩኒቨርሲቲው ይቀበለዋል? እነዚህ ሁለቱ ካልተመለሱ ወሩም ዋጋውም ትርጉም የለውም። ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች የማወዳድረውም በዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ኤልቪኤን የሚባለው ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሲያትል ያላችሁ ኤልፒኤን ትባላላችሁ። ሥራው ያው ነው፤ የምጽፈው ለእናንተም ይሆናል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለኤልቪኤን የተዘጋጀ መሸጋገሪያ ፕሮግራም አላቸው። ቅድመ ኮርሶቹን ከጨረሳችሁ፣ ነርሲንጉ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ስትጨርሱ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ፣ ኤዲኤን የሚሉትን ትይዛላችሁ፤ ከዚያ የአርኤኑን የላይሰንስ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ ትፈተናላችሁ።

በዋጋ የሚወዳደረው የለም። ካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆናችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለአንድ ዩኒት 46 ዶላር ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ይህንንም የሚያነሳ ድጋፍ አለ። ቴክሳስ ውስጥ ዋጋው በምትኖሩበት ካውንቲ ይወሰናል። ኮሌጁ ከሚያገለግለው አካባቢ ውጭ ከሆናችሁ ክፍያው በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ቤት ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ችግሩ መግባቱ ነው። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ ይጠይቃሉ። ውጤታችሁን ከቲስ ወይም ከሄሲ የመግቢያ ፈተና ጋር ደምረው በነጥብ ያወዳድሯችኋል። ብዙዎቹ ደግሞ የሳይንስ ኮርሶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ካለፋቸው አይቀበሉም። አንድ የማውቀው ወንድም አናቶሚን በጥሩ ውጤት አልፎ፣ ልጅ ተወለደ፣ ሥራ በዛ ሲል ጊዜው አለፈበት። እንደገና ተማረው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ክሊኒካል፣ ታማሚ ጋ የሚደረገው ልምምድ፣ በአብዛኛው ቀን ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል መገኘት አለባችሁ። ሙሉ ቀን ሥራ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው። እኔን ያዳነኝ የቅዳሜና እሁዱ ደብል ነው። ብዙ ነርሲንግ ሆሞች ቅዳሜ 16 ሰዓት፣ እሁድ 16 ሰዓት የሚያሠሩት ሺፍት አላቸው። ሁለት ቀን ሠርቼ 32 ሰዓት እሞላለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እማራለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ ይጠበኝ ነበር። ግን ደሞዜም ኢንሹራንሴም አልተቋረጠም።

የግል ትምህርት ቤት

እነዚህ ቶሎ ያስገባሉ። በየጥቂት ወሩ አዲስ ክፍል ይከፍታሉ፤ የማታና የሳምንት መጨረሻ ክፍል ያላቸውም አሉ። ስልክ ብትደውሉ በዚያው ቀን መልሰው ይደውሉላችኋል። ዋጋው ግን ከ30 ሺህ ዶላር የሚያልፍባቸው አሉ።

የግል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ሂሳቡን በትክክል እንሥራ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ ሜይ 2024 ባወጣው መረጃ፣ የአርኤን መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 93,600 ዶላር ነው። የኤልፒኤንና የኤልቪኤን 62,340 ነው። ልዩነቱ በዓመት ከ31 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ጊዜ አመልክታችሁ ካልተሳካ፣ ሌላ ሁለት ዓመት ከመጠበቅ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት መክፈል ሊያዋጣ ይችላል። "ጥሩ" የምትለዋ ቃል ግን እዚህ ብዙ ትሸከማለች።

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው። ኤልቪኤን ሳለሁ ቅድመ ኮርሶቼን ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ወሰድኩ። "አክሬዲትድ ናችሁ?" ብዬ፣ ዕውቅና አላችሁ ወይ ለማለት፣ ጠይቄ ነበር። "አዎን" አሉኝ፤ አልዋሹም። እኔ ነኝ ጥያቄውን ግማሽ ያደረግሁት። ትራንስክሪፕቴን ይዤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ጋ ስሄድ አማካሪዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከኮርሶቼ ጎን ሁሉ ዜሮ። አንድም ክሬዲት አልተቆጠረልኝም። የከፈልኩት ገንዘብም፣ ከሌሊት ሺፍት በኋላ ዓይኔን እያሸሁ ያጠናሁት አናቶሚም ቀረ። በሚቀጥለው መስከረም ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ የአጥንት ስም እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

ስለዚህ ዕውቅና ሲሏችሁ ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑን እወቁ። አንደኛው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከሌለ ኤንክሌክስ መቀመጥ የለም። ሁለተኛው የነርሲንግ ፕሮግራሙ ዕውቅና ነው፤ ኤሴን፣ ሲሲኤንኢ ወይም ሲኤንኢኤ የሚባሉት ድርጅቶች የሚሰጡት። ቦርዱ ፈቅዶለት ይህ የሌለው ፕሮግራም አለ። የቬተራን፣ የቀድሞ ወታደሮች፣ ሆስፒታሎች ይህን ያያሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ ዕውቅና ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹና ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸው ሳክስኮክ የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው ነው። እኔ ዜሮ የወጣብኝ በዚህ በሦስተኛው ነው።

ከዚያ የፈተና ማለፊያውን እዩ። ቴክሳስ ውስጥ ቦርዱ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት 80 በመቶ እንዲያሳልፉ ይጠብቃል። ካሊፎርኒያ 75 በመቶ ነው። ውጤቱን ቦርዶቹ በየዓመቱ በድረ ገጻቸው ያወጡታል፤ ከትምህርት ቤቱ አፍ አትስሙት። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ የራሱን መውጫ ፈተና ይሰጣል። ያላለፈውን አያስመርቅም፤ ኤንክሌክስም አይቀመጥም። እንዲህ ሆኖ 95 በመቶ ማሳለፍ ይቻላል። ስለዚህ "ስንት ተማሪ ጀመረ፣ ስንቱ በጊዜው ጨረሰ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጃንዋሪ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በደቡብ ፍሎሪዳ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ መሸጡን አስታውቆ 25 ሰዎችን ከሷል። ከገዙት መካከል ከኤልፒኤን ወደ አርኤን መሻገር የፈለጉ ነበሩበት። "ክሊኒካል የለም፣ በጥቂት ሳምንት ወረቀቱን ታገኛለህ" የሚላችሁ ሰው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንኳ ሽሹት። ላይሰንሳችሁ ቢነሳ ኤልቪኤኑም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የካሊፎርኒያው 30 ዩኒት

ሎስ አንጀለስ፣ ኦክላንድ፣ ሳን ሆዜ ያላችሁ ስለዚህ ሰምታችኋል። ካሊፎርኒያ ላይሰንስ ያለው ኤልቪኤን ቢበዛ 30 የሴሚስተር ዩኒት ወስዶ የአርኤን ኤንክሌክስ እንዲቀመጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና የነርሲንግ ኮርሶች ናቸው። አጭር ነው፤ ርካሽ ነው፤ ሕጋዊም ነው።

ዲግሪ ግን የለውም። የነርሲንግ ፕሮግራም ምሩቅ አያሰኛችሁም። አብዛኞቹ ስቴቶች ደግሞ ላይሰንስ ለመስጠት ምሩቅ መሆንን ይጠይቃሉ። ቤተሰባችሁ ነገ ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ቨርጂኒያ ልሂድ ቢል ያ ላይሰንስ አብሯችሁ አይሄድም። በኋላ ዲግሪ ብትጨምሩበትም ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ምዝገባችሁን አይቀይርላችሁም። ቤት የገዛ፣ ልጆቹን እዚያው የሚያሳድግና ጡረታው የቀረበ ሰው ቢመርጠው አልቃወምም። የ28 ዓመት ልጅ ከጠየቀኝ ግን አይሆንም እለዋለሁ። የቤት ኪራዩ እያስመረረው ስንቱ ወገናችን ነው ከካሊፎርኒያ ወደ ዳላስ የመጣው?

የርቀት ትምህርት

"ሙሉ በሙሉ ኦንላይን" የሚለውን በጥንቃቄ አንብቡት። ኦንላይን የሚሆነው ንድፈ ሐሳቡ ነው፤ ታማሚ ሳይነኩ አርኤን መሆን የለም። ኒው ዮርክ ስቴት ያለው ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ ለኤልፒኤን በሚሰጠው የርቀት ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ይታወቃል፤ ብዙ ሐበሻም በዚያ አልፏል። ሆኖም ካሊፎርኒያ ከዲሴምበር 6 ቀን 2003 ወዲህ የተመዘገቡትን የፕሮግራሙን ተማሪዎች ለፈተና አትቀበልም። እንግዲህ የርቀት ከመረጣችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ትምህርት ቤቱ ጋ ሳይሆን የምትኖሩበት ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ጋ ነው።

በቀጥታ ቢኤስኤን

ከኤልቪኤን በቀጥታ ወደ አራት ዓመቱ ዲግሪ የሚያሻግሩ ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው፤ ጊዜውም ይረዝማል። ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን እንደሚያስቀድሙ እውነት ነው። ኒው ዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች በአሥር ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዙ ታስገድዳለች። ቢሆንም እኔ በሁለት እርምጃ መሄዱን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ኤዲኤኑን ይዛችሁ አርኤን ሁኑ። ከዚያ በአርኤን ደሞዝ እየሠራችሁ ቢኤስኤኑን ኦንላይን ጨርሱ። ብዙ ሆስፒታል ከፊሉን ክፍያ ይሸፍናል። ይህ የሚሠራው ግን የኤዲኤኑን ክሬዲት ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው ነው።

ገንዘብና ፈተና

ግሪን ካርድ ካላችሁ ወይም ጥገኝነት ከተፈቀደላችሁ ፋፍሳ፣ የፌዴራሉን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ ሙሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፤ አይመለስም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ይህ አብዛኛውን ክፍያ ሊሸፍን ይችላል። ውድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ መነሻ ብቻ ነው፤ የቀረው ሎን ይሆናል።

ኤንክሌክሱ ለኤልቪኤንም ለአርኤንም 200 ዶላር ነው። ለሁለቱም ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። የሚለየው አስተሳሰቡ ነው። በኤልቪኤን ፈተና "ለአርኤኗ አሳውቅ" ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ነው። እዚህ አርኤኗ እናንተ ናችሁ። ከአራት ታማሚ ማንን ቀድማችሁ ታያላችሁ? ለኤልቪኤኑ የትኛውን ትሰጣላችሁ፣ የትኛውን አትሰጡም? ዓመታት የሠራን ሰዎች የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እጃችን ያውቃል፣ መልሱን ግን በቀድሞው ወንበራችን ሆነን እንመርጣለን። ጥሩ የመሸጋገሪያ ፕሮግራም የመጀመሪያው ኮርሱ ይህን ይሠራል። ስትጎበኙ የመጀመሪያውን ኮርስ ዝርዝር ጠይቁ። የደም ግፊት መለካትን እንደገና የሚያስተምር ከሆነ ገንዘባችሁን ለምታውቁት ነገር እየከፈላችሁ ነው።

ሀገር ቤት ነርስ ለነበራችሁ

ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቃችሁ እዚህ ኤልቪኤን ሆናችሁ የምትሠሩ አላችሁ። መሸጋገሪያ ፕሮግራም ከመመዝገባችሁ በፊት ዲግሪያችሁን አስገምግሙ። ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት የሚባለው ድርጅት ይህን ይሠራል። ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤታችሁ በቀጥታ መላክ ስላለበት፣ አዲስ አበባም ይሁን ጎንደር ሬጅስትራር ድረስ እየሄደ የሚከታተል ዘመድ ያስፈልጋችኋል። ወራት ይወስዳል። ከተሳካ ግን ክፍል ሳትገቡ ኤንክሌክሱን ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

ለማንኛውም ለሁለት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ለአንድ በደንብ ላጣራችሁት የግል ትምህርት ቤት በአንድ ወቅት አመልክቱ። የግሉ ጋ ስትሄዱ "አክሬዲትድ ናችሁ?" አትበሉ። "ክሬዲቴን የሚቀበሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን ስም በኢሜይል ጻፉልኝ" በሉ። ኢሜይሉ ሲደርሳችሁ ሦስቱንም ዩኒቨርሲቲዎች ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ኢሜይሉ ካልመጣ አትፈርሙ።