አውራ አምባና ጎረቤቶቹ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ፎገራ ላይ፣ የኑሮን ትርጉም በሁለት መንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የኦርቶዶክሱ ገበሬ ወር በቅዱሳን ስም ይቆጠራል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ሞፈሩ ያርፋል፣ የማኅበሩ ጽዋ ይዞራል። ሰው ሲሞት በ40ኛው ቀን ተዝካር ይወጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን አይቀርም፤ ሟቹም ከሰው አፍ አይጠፋም። ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ለተዝካር ብሎ በሬውን የሸጠ ቤት በክረምት ምን እንደሚመስል የገጠር ልጅ ያውቀዋል።

አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ ሐሳብ የተመሠረተ መንደር ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም። (ከሓዲዎች የሚላቸው ሰው ግን ተሳስቷል፤ ፈጣሪ አለ ይላሉ።) ለእነሱ ትርጉም ያለው ሥራው ላይ ነው፦ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ ጧሪ ያጣ አረጋዊ በጋራ ይጦራል። ለቅሷቸውም አጭር ነው።

እኔ ጤና ሳለሁ ሐሳባቸው ያሳምነኛል። ሞት ቤቴ ሲገባ ግን ልቤ ወደ ጽዋው ያደላል፤ አልዋሽም።

አዲስ አበባ ላይ እምነቱን የተወ ሰው ደግሞ ማኅበርም አውራ አምባም የለውም። የቀረው የሰፈር ዕድሩ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ወርኃዊ መዋጮህን እንጂ ሃይማኖትህን ሳይጠይቅ ድንኳኑን ይተክልልሃል።