ኢታኖል የተቀየጠበት ቤንዚን በደብረ ብርሃን መንገድ

ስለ ነዳጅ በተነሣ ቁጥር ከሰሜን ሸዋ አሽከርካሪዎች የምሰማው ቅሬታ ኢታኖል፣ ማለትም ከስኳር ተረፈ ምርት የሚሠራው አልኮል፣ «የገባበት ቤንዚን ቶሎ ያልቃል» የሚል ነው። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ መጠኑ ግን ተጋኗል።

ቅየጣው በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣው ኢታኖል የቤንዚኑን 5 በመቶ ይይዝ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ሲይዝ ኢታኖል ግን 21 ገደማ ብቻ ስለሚይዝ፣ የ10 በመቶው ቅይጥ ከንጹሑ በ3 በመቶ ግድም ያንሳል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ለሚደርሰው 130 ኪሎ ሜትር 9.3 ሊትር የሚበቃት ከሆነ፣ በቅይጡ 9.6 ሊትር ትፈልጋለች። ልዩነቱ የአንድ ሊትር ሲሶ ነው። «ሩቡን በላብኝ» የሚል ሰው የጎማውን ንፋስ፣ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን ቢያስመረምር ይሻለዋል። የደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድም አለ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በየሰፈሩ አጭር አጭር መንገድ የምትነዳ መኪና በየትኛውም ቤንዚን ብዙ ትበላለች። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለውን የጣርማበርን ተራራ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ ወይም ወርዶ ፍጆታን መለካትም ከንቱ ነው፤ ደርሶ መልሱን አንድ ላይ መቁጠርና ሲነሡም ሲመለሱም በአንድ ማደያ እስከ አንድ ልክ መሙላት ያስፈልጋል።

ኢታኖል የሚመሰገነው ኦክቴኑ (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም ዐቅሙ) ከፍተኛ በመሆኑና የሞተርን ማንኳኳት፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው ሲቀጣጠል የሚሰማውን ድምፅ፣ በመከላከሉ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኳኳቱ ቀድሞውንም ስለሚቀንስ፣ ይህ ጥቅም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚወርድ ካልሆነ በቀር ለደገኛው እምብዛም አይደርሰውም። ካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያ) ላላቸው አሮጌ መኪኖች ግን ያልተጠበቀ በጎ ነገር አለው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚን ያበዛል፤ ኢታኖል ደግሞ በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ይህን ትርፍ በከፊል ያካክሳል። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲሶቹ መኪኖች የነዳጁን መጠን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ፣ የ3 በመቶው ጉድለት በግልጽ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው።

በእኔ ግምት ቅይጡ ለዕለት ተዕለት ጉዞ የማያስወቅስ ነዳጅ ነው፤ ቅር የሚያሰኘኝ በሊትሩ ውስጥ ያለው ኃይል ማነሱ ነው። ክረምቱን ቆማ ለምትከርም መኪና ግን አልመርጠውም፤ ኢታኖል እርጥበት ይስባል፣ ውኃው ሲበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ ከጋኑ ሥር ይዘቅጣል፣ በአሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ለኢታኖል ያልተሠሩ የጎማ ቱቦዎችን ሊጎዳ ይችላል።