የጎማ ኤክስፖርት፦ ታይላንድ ወይስ አይቮሪኮስት?
በተፈጥሮ ጎማ (ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚገኘው ጥሬ ጎማ) ኤክስፖርት አሁንም የዓለም አንደኛ ታይላንድ ናት፣ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርታለች፣ ትልቋ ገዢዋም ቻይና ናት። እኔን ግን በጣም የሚገርመኝ አይቮሪኮስት ነው፣ በካካዎ ብቻ የምናውቃት አገር ገበሬዎቿ ጎማ በየወሩ ብር ያመጣል ብለው ተክለው ተክለው ዛሬ ከአፍሪካ አንደኛ ሆናለች፣ ምርቷም 1 ሚሊዮን ቶን አልፏል።

ዋናው ልዩነት የሚላከው ነገር ላይ ነው። ታይላንድ ብሎኩንም (ተጨምቆ እንደ ጡብ የተሠራውን ጎማ)፣ በጭስ የደረቀውን ሺትም (ስስ ንጣፍ ጎማ)፣ ለጓንት የሚሆነውን ፈሳሽ ላቴክስም (ከዛፉ የሚወጣውን ወተት መሳይ ፈሳሽ) ትልካለች፣ አይቮሪኮስት ግን ባብዛኛው ለመኪና ጎማ የሚሆነውን ብሎክ ነው የምትልከው፣ ስለዚህ የመኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ እሷ ላይ ይብሳል። በሌላ በኩል የታይላንድን ደቡብ ጎርፍና የቅጠል በሽታ እያስቸገረው ነው። ለኔ ገና ብዙ የሚያድገው የአይቮሪኮስት ነው፣ ፋብሪካ ከጨመረችና ገበሬው ጥሩ ዋጋ ካገኘ።