ምርጥ ምድጃ ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ለጅማ ቤት የቱ ይሻላል?

በሦስት ጉልቻ መጋገር ሁለት ዕዳ አለው፤ ጭሱ የጋጋሪዋን ሳንባ ይጎዳል፣ ማገዶው ደኑን ያራቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ስለዚህ ምድጃ ማስቀየር የጤናም የአየር ንብረትም ፖሊሲ ነው። ግን በየትኛው፦ «ምርጥ» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ወይስ በኤሌክትሪክ ምጣድ?

ዋጋ፦ ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶ የሚሠራ ስለሆነ ርካሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣው ይከብዳል፤ አስተማማኝ የመስመር ዝርጋታም ይፈልጋል።

ጭስ፦ እዚህ ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ምርጥ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭሱን ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ጅማ ደግሞ ዝናብ የማይጠግባት ከተማ ናት። በክረምት ከሂርማታ ገበያ የመጣው እንጨት እሳት ሲነካው ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል፤ እፍ ያለችው ሴት ዓይኗን እያበሰች ትወጣለች። ምጣዱ ይህ ሁሉ የለበትም። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ከውኃ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም ከጅማ ብዙ አይርቅም።

ስጋት፦ መብራት ጠፋ ማለት ሊጡ ኮመጠጠ ማለት ነው። ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ጨልሞብኝ ያውቃል።

ለማን? ቆጣሪ ለሚጋራ ተከራይና መስመር ላልደረሰው የገጠር ቤት ምርጥ ምድጃ፣ ያውም አየር በሚያስገባ ማእድ ቤት። የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ በተለይ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ላለበት ቤት ምጣዱ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ግን ምድጃውን በረንዳ ላይ ማቆየት አይከፋም።