አባቴን ከስዕሎቹ ጋር ላገናኘልኝ ሹፌር፣ ምስጋና

ባለፈው ወር ጡረታ የወጣ መምህር አባቴን ይዤ ከደሴ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር፤ ለሁለት ቀን፣ ስዕል ለማየት ብቻ። «ለስዕል ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ?» ያሉኝ ጎረቤቶች አልጠፉም። አባቴ በማስተማር ዘመኑ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የሰዓሊውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ እያየ ለተማሪዎቹ በጠመኔ ይስል ነበር። ዋናውን ግን አይቶት አያውቅም።

መጀመሪያ አንድ የጉዞ ወኪል በአንድ ቀን ስምንት ቦታ የሚያዞር ዕቅድ ሰጠኝ፤ ከመካኒሳ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቦሌ፣ ከቦሌ ተመልሶ ስድስት ኪሎ። የሥራ ባልደረባዬ ለጠቆመችኝ ሹፌር በቴሌግራም ብልክለት ወዲያው ደወለ። «እህቴ፣ ይህንን የጻፈው ሰው አዲስ አበባን የሚያውቃት በካርታ ነው። የአባባን ጉልበት ደግሞ ጭራሽ አልጠየቀም።»

የመጀመሪያውን ቀን ከላይ ወደ ታች አደረገው። ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጀመርን፤ ቀጥሎ በሰዓሊው ስም የተሰየመው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በመጨረሻ አፈወርቅ ወዳረፉበት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አባቴ የቻለውን ያህል በእግሩ ሄደ፤ ሲደክመው መኪናዋ አጠገቡ ነበረች።

ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባ ብዙ ሰው ድንቅነሽን አይቶ ይወጣል። ሹፌሩ «ፎቁን እንዳትተዉት፣ ስዕሉ እዚያ ነው» አለን። አባቴ «አንተስ አይተኸዋል?» ሲለው አፈረ። ለካ ከጎብኚዎች ሲሰማ ነው እንጂ ለዓመታት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አንድም ቀን ፎቁ ላይ አልወጣም። አባቴ ትኬት ቆርጦ እጁን ይዞ አስገባው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተማረው። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ጠያቂም አልነበረኝ።

በማግስቱ የሄድንበት አፍሪካ አዳራሽ ግን ዝም ተብሎ የሚገባበት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ አስቀድሞ መመዝገብና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከደሴ ሳልነሳ ይህንን ያሳሰበኝ ሹፌሩ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አዳራሽ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። አባቴ ከፊቱ ቆሞ ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ለካ በጠመኔ ያሳነስኩት ይህንን ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ወሰደን። በጭቃና በጭድ የተሠራውን ግድግዳ አባቴ እየዳሰሰ «የእናቴ ቤት እኮ ነው!» ይል ነበር።

ሹፌሩ የተስማማንበትን ሂሳብ ተቀበለ፤ «ትንሽ ጨምሩልኝ» የሚል ቃል አልወጣውም። ጉድለት ካለበት ስለ እግር ኳስ አውርቶ አይጠግብም፤ ኳስ የማይወድ ሰው ታክሲው ውስጥ ይቸገራል።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ፣ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። እሑድ ግን አትደውሉለት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኳስ።