ቫዝሊን የሚቀባው ቆዳው ሳይደርቅ ነው

«ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ቆዳዬ ግን ያው ደረቅ ነው» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። መቼ ነው የምትቀቡት ስላቸው፣ አብዛኞቹ ቆዳቸው ደርቆ ነጭ ነጭ ካለ በኋላ ነው። ቫዝሊን ውስጥ እኮ ጠብታ ውሃ የለም። ሥራው ቆዳችን ላይ ያለው እርጥበት ተንኖ እንዳይሄድ መክደን ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ታጥባችሁ እንደወጣችሁ ሰውነታችሁን በፎጣ ነካ ነካ አድርጉና ገና እርጥበት እያለው ተቀቡት።

እኔ የምጠቀመው ሽታ የሌለውን፣ ዋናውን ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው የተጣራ ፔትሮሊየም ጄሊ ብቻ ነው፣ ሽቶ የለ፣ ቀለም የለ። ቆዳዬ ቶሎ ስለሚቆጣ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ ባለ ሽቶ ሎሽን ክንዴን ሽፍ አድርጎብኝ ያውቃል። የኮኮዋ ቅቤ ያለበት ቫዝሊንም አለ፣ መዓዛው ደስ ይላል፣ ግን እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላለው አልመክርም።

«ከነዳጅ የተሠራ ነው» ብለው የሚፈሩትም አሉ። እውነት ነው፣ ከነዳጅ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ ኬሚስት ፔንሲልቬንያ ውስጥ የነዳጅ ሠራተኞች ከመሣሪያቸው ላይ የሚጠርጉትን ዝቃጭ ቁስላቸው ላይ ሲቀቡት አይቶ፣ አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። ዛሬ ምርቱ የዩኒሊቨር ነው። ቁም ነገሩ ማጣራቱ ላይ ስለሆነ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ጄሊ እኔ አልነካም። ደግሞ ሠራተኞቹ ቃጠሎም ላይ ይቀቡት ነበር አሉ፤ እናንተ ትኩስ ቃጠሎ ላይ እንዳትሞክሩት፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ለተረከዝ ነው። ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፍና፣ ሳይደርቅ ስንጥቁ ውስጥ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ቀብቼ የጥጥ ካልሲ አደርግበታለሁ። ጠዋት የስንጥቁ ጠርዝ ለስልሶ ይገኛል። ሳልሰለች ስደጋግመው አንሶላ እየያዘ የሚያስቸግረኝ ሻካራው ነገር ይጠፋል። ለከንፈርም እንዲሁ ጥሩ ነው።

ፀጉር ላይ ግን አልወደውም። ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል፣ በለስላሳ ሻምፑ ደግሞ በጀ አይልም። ለፀጉር የኮኮናት ዘይት ይሻላል፣ እሱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ብጉር የሚያስቸግራችሁም ፊታችሁ ላይ ባትቀቡት ጥሩ ነው።

ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ሁሉም ጣቱን ከሚከትበት ትልቅ ዕቃ ይልቅ ተጨምቆ የሚወጣውን ግዙ።